የላም መስክ ሥዕል በሆላንድ ሠዓሊዎች ዘዴ፦ ከሸራ ዝግጅት እስከ ቫርኒሽ

የቆመች ላም፣ አጠገቧ የተኛች ሌላ ላም፣ ጥቂት በጎች፣ ከኋላቸው ዝርግ ጨፌ፣ ከሁሉም በላይ ሰፊ ሰማይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ የሥዕል ዘርፍ ሆኖ ነበር። የዘርፉ ታዋቂ ሰው ፓውሉስ ፖተር (1625–1654) በ1647 የሣለው «ወይፈኑ» ቁመቱ 2 ሜትር ከ35፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ሸራ በዘመኑ የሚሰጠው ለታሪክና ለሃይማኖት ሥዕል እንጂ ለከብት አልነበረም። ሥዕሉ ዛሬ በሆላንዷ ዴን ሃግ (ሄግ) ከተማ በሚገኘው የማውሪትስሃውስ ሙዚየም ይታያል።

እዚህ የምንሠራው 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ከመጨረሻው ቫርኒሽ በፊት ያለው ሥራ የመድረቂያው ጊዜ ተደምሮ አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ብዙ ጀማሪ ከፀጉሩ ይጀምርና ላሟ የተነፋ ጆንያ ትሆንበታለች። ሥራውን የሚሸከሙት ዝቅ ያለ አድማስና በትክክል የተቀመጠ አጥንት ናቸው፤ ፀጉር የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው።

ዕቃዎች

የተወጠረ ሸራ፣ የሠዓሊ ጄሶ (ከቀለም በፊት ሸራው ላይ የሚቀባ ነጭ መሠረት)፣ ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሰል፣ የተልባ ዘይት፣ ተርፔንታይን (የቀለም ማቅጠኛ)፣ ማደባለቂያ ቢላዋ፣ ጨርቅ። ብሩሽ፦ ጠንካራ ጠፍጣፋ (ቁጥር 8 እና 12)፣ ለስላሳ ክብ (ቁጥር 1፣ 3 እና 6)፣ አንድ ሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ሰማዩን ለማለስለስ።

ቀለም፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ፈዘዝ ያለ ካድሚየም ቢጫ፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ ካድሚየም ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አይቮሪ ጥቁር። ስምንቱ ይበቃሉ። አረንጓዴ ቱቦ አይግዙ፤ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ መስኩን የፕላስቲክ ምንጣፍ ያስመስለዋል። የጥንቶቹ ነጫቸው ከእርሳስ ማዕድን፣ ቢጫቸው ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ሁለቱም መርዛማ ስለሆኑ በቲታኒየምና በካድሚየም ተክተናቸዋል፤ ካድሚየሙም ቢሆን በአቧራ መልክ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፣ የደረቀ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ። ቲታኒየም ከጥንቱ ነጭ ይልቅ ቀዝቃዛና ደፋኝ ነው። ስለዚህ ብርሃን ባለበት ቦታ ሁሉ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ኦከር ጠብ ያድርጉበት።

የተልባ ዘይቱ ለሥዕል ተብሎ የተጣራ ይሁን። ሌላ የምግብ ዘይት ጨርሶ አይጠቀሙ፣ ለወራት ሳይደርቅ ሊያጣብቅ ይችላል። ሌላው ማስጠንቀቂያ ለሕይወት ነው፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከቀረ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን በውሃ ነክረው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጣሉት፣ ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

ደረጃ 1፦ ሸራውን ማዘጋጀት

ጄሶውን ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀቡ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች። በየመሀሉ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያሽቱት። ለግድግዳ የሚሸጠው ጄሶ ይህ አይደለም፤ እሱ በሸራ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ነጭ ሸራ ላይ በቀጥታ አይሣሉ። የሆላንድ ሠዓሊዎች መሠረቱን ቀድመው ግራጫማ ወይም ቡናማ ያደርጉት ነበር፣ ብዙ ጊዜም ከሥር ቀይ አፈርማ፣ ከላይ ግራጫማ በሁለት ንብር። ለእኛ አንድ ንብር ይበቃል፦ አራት እጅ ነጭ፣ አንድ እጅ ኦከር፣ ግማሽ እጅ በርንት አምበር፣ በተርፔንታይን ቀጥኖ። በሰፊ ብሩሽ ይቀቡና በጨርቅ ይጥረጉት። የደረቀ ገለባ መልክ ሲይዝ ይተዉት። ሁለት ቀን ይደርቅ።

ደረጃ 2፦ ላሟን በወረቀት ማጥናት

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በደረጃ 7 ይከፍላል። አድሪያን ፋን ደ ፌልደ (1636–1672) ከብቶችንና ሰዎችን መጀመሪያ በአካል እያየ በቀይ ጠመኔ ያጠና ነበር፤ ሥዕሉ ውስጥ የሚያስገባቸው ከጥናቱ እየመረጠ ነው።

ላም ዘንድ ይሂዱና ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላና ተኝታ ይንደፏት፤ በየአቅጣጫው ቢያንስ አምስት ንድፍ። አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች፦ የሀበሻ ላም ሻኛ አላት፣ ከአንገቷ ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳም ሰፊ ነው፤ የሆላንድ ላም ሻኛ የላትም፣ ጀርባዋ ከማጅራት እስከ ጭራ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ቢሾፍቱና ሆለታ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ጋ ያሉት የፍሪዝያን (የሆላንድ የወተት ላም ዝርያ) ዲቃላዎች የተሻሉ ሞዴሎች ናቸው። ቀለማቸውን ግን እንዳለ አይውሰዱ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የሚታዩት ላሞች በአብዛኛው ዳማ፣ ቀይ፣ ዳልቻና ቡሬ ናቸው፤ ጥቁርና ነጯ ላም የበላይነቱን የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ላም ግን በብዙ ሥዕሎች ላይ አለች፤ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ስለምትስብ ለዋናዋ ላም ጥሩ ምርጫ ናት።

መጠኑን በጭንቅላት ርዝመት ይለኩ። የአዋቂ ላም ቁመት ከሰኮና እስከ ትከሻ ሦስት ጭንቅላት ገደማ ነው። የአካሏ ርዝመት ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ከቁመቷ ትንሽ ይበልጣል፣ 1.15 እጥፍ ያህል። ደረቷ ከላይ እስከ ታች የቁመቷን ግማሽ ትንሽ አልፎ ይይዛል፤ እግሯ የምናስበውን ያህል ረጅም አይደለም። እግር የሚረዝምብን የፈረስ ሥዕል በዓይናችን ስለቀረ ነው።

አራት የአጥንት ምልክቶች በየንድፉ ላይ በነጥብ ይቀመጡ፦ የትከሻው ጫፍ፣ የመጨረሻው ጎድን፣ ወደ ጎን የሚወጣው የዳሌ አጥንትና ከጭራው ሥር ያለው የመቀመጫ አጥንት። ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌው አጥንት መካከል፣ ሽንጡ ላይ፣ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ አለች። ፖተር ይቺን ጎድጓዳ አይረሳም፤ በላሟ ጎን ላይ ጥላው የሚሰበረው እዚያ ነው። እሷ ከሌለች ሆዱ በርሜል ይሆናል።

በጣም የሚሳሳቱበት የኋላ እግር ነው። ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው መገጣጠሚያ ጉልበት አይደለም፣ ተረከዝ ነው። እውነተኛው ጉልበት ከሆዱ አጠገብ፣ ከቆዳው ሥር ነው። ተረከዙን ከፊት እግሩ ጉልበት በትንሹ ከፍ አድርገው ይንደፉት፤ እኩል ካደረጉት ላሟ ከኋላ የተቀመጠች ትመስላለች።

የተኛች ላም በደረቷ ላይ ትተኛለች፤ የፊት እግሮቿ ከሥሯ ይታጠፋሉ፣ የኋላዎቹ ወደ አንድ ጎን ይወጣሉ። ስታመነዥክ የታችኛው መንጋጋ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ይህን በአፏ ላይ ትንሽ ጠመም በማድረግ ካሳዩ የመኖር ስሜት ይሰጣታል።

ለአንዲት ላም ሁሉንም ጥናት ከአንዲት ላም ይውሰዱ። የፖተር ወይፈን ከተለያየ ዕድሜ ከብቶች የተገጣጠመ መሆኑን ከብት አዋቂዎች ከቀንዱ፣ ከጥርሱና ከትከሻው ለይተውታል። የእሱ እጅ ይህን ይሸከማል፤ የጀማሪ እጅ አይሸከምም።

ደረጃ 3፦ አድማሱን ማስመርና መጠን ማውጣት

ከሸራው ግርጌ 13 ሳንቲ ሜትር ላይ አግድም መሥመር ያስምሩ። አድማሱ ይህ ነው፤ ከላዩ ያለው ሁለት ሦስተኛ ለሰማይ ነው።

ከዚያ ተመልካቹ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አድርገው ያስቡ፤ ዓይኑ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንዲት ላም 140 ሳንቲ ሜትር ብትሆን በዝርግ መሬት ላይ ያለች ላም ሁሉ፣ ቅርብም ሆነች ሩቅ፣ አድማሱ ልክ በቁመቷ ግማሽ ላይ ያቋርጣታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሰኮናዋ ከአድማሱ በታች ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ይለኩና በሁለት ያባዙት።

ዋናዋ ላም፦ ሰኮናዋ ከሸራው ግርጌ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፣ ማለትም ከአድማሱ 10 በታች። ስለዚህ ቁመቷ 20፣ የአካሏ ርዝመት 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትከሻዋ ከአድማሱ 10 ሳንቲ ሜትር በላይ ሰማዩን ይገባበታል። ወደ ሸራው ቀኝ ያድርጓት፣ ፊቷ ወደ ግራ።

የተኛችው ላም ከአድማሱ 7 ሳንቲ ሜትር በታች ብታርፍ፣ ቆማ ቢሆን 14 ትሆን ነበር፤ ተኝታ ጀርባዋ 8 ገደማ ላይ ነው፣ ማለትም ከአድማሱ ብቅ ትላለች እንጂ አትዘልቅም። የሩቅ ላም ሰኮናዋ ከአድማሱ 1 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቁመቷ 2 ብቻ ነው። በግ ጀርባው ልክ አድማሱ ላይ ይደርሳል። 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ እረኛ ካስገቡ፣ ከአድማሱ በታች ያለውን ልኬት በ2.4 ያባዙ።

ይህ ሕግ ሲፈርስ ወዲያው ይታወቃል፦ ከኋላ ያሉት ላሞች ጥጃ ይመስላሉ፣ ወይም ዛፍ የሚያህሉ ይሆናሉ። አድማሱን ወደ ሸራው መሀል ያወጡት እንደሆነ ደግሞ ከብቶቹ ሳሩ ውስጥ ይሰምጣሉ። በፖተር ሥራ ከብቱ ግርማ የሚያገኘው ራሱና ትከሻው ከሰማይ ጋር ስለሚቆሙ ነው።

ደረጃ 4፦ ንድፉን ማሳረፍ

በከሰል በስሱ። ዋናዋን ላም መጀመሪያ ያሳርፉ፣ ሌላው በእሷ ልክ ይደራጅ። ፖተርም መጀመሪያ ያሰበው ወይፈኑን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ከብቶችና ገበሬውን ያስገባው በኋላ ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ሸራ ቀጥሎ ነው። እኛ ሸራ ስለማንቀጥል ቦታውን አስቀድመን እንለካለን። በግራ፣ አድማሱ ላይ፣ 1.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ማማ ይቁም (በ«ወይፈኑ» ውስጥ የራይስዋይክ ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ከሩቅ ይታያል)። ከማማው ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ቀጭን ቦይ ዓይንን ወደ ውስጥ ይወስዳል።

ከሰሉን በጨርቅ አራግፈው፣ በበርንት አምበርና በተርፔንታይን በቀጭን ብሩሽ መሥመሩን ያጽኑ። በዚያው ቀለም ጥላ የሚሆነውን ሁሉ ይሙሉ። ብርሃኑ ከግራ ከላይ ይምጣ። አሁን ሥዕሉ ቡናማ ብቻ ቢሆንም ከሦስት ሜትር ርቀው ሲያዩት ላሟ መቆም አለባት። ካልቆመች እዚሁ ያስተካክሉ፤ ቀለም ስህተትን አይሸፍንም። አምበር ቶሎ ስለሚደርቅ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ሕግ አለው፦ ታችኛው ንብር ዘይቱ ያነሰ፣ ላይኛው ዘይቱ የበዛ። ለቀጣዩ ንብር አንድ እጅ ዘይት ለሁለት እጅ ተርፔንታይን፣ ለመጨረሻው እኩል በእኩል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና፣ ታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 5፦ ሰማይ

በአንድ ቁጭታ፣ ሳይደርቅ ይለቅ። ሦስት ክምር ቀለም ይደባልቁ፦

ከላይ፦ 10 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ አልትራማሪን፣ ሩብ እጅ ጥቁር።
ከአድማሱ አጠገብ፦ 10 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ ኦከር፣ የብሩሽ ጫፍ ቀይ።
የደመና ጥላ፦ 6 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ ጥቁር፣ ግማሽ እጅ ኦከር።

የሆላንድ ሰማይ እርጥበት የበዛበት ነው፤ በደጋው አገራችን በቀትር የምናየው ጥርት ያለ ሰማያዊ እዚያ እንግዳ ይሆናል። የደመናዎቹ ሆድ ጠፍጣፋ ነው፤ ወደ አድማሱ ሲቀርቡ እየጠበቡና እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መጠን ከሆኑ ሰማዩ ግድግዳ ይሆናል። ከዋናዋ ላም ጀርባ ቀላ ያለ ጥላማ ደመና ሳይሆን ብሩህ ደመና ያድርጉ፤ ዳማ ላም በብሩህ ሰማይ ላይ ትጎላለች።

ሰማዩ በላሟ ላይ አይቀባ። የላሟ ቦታ ባዶ ይቀመጥ፤ የሰማዩ ቀለም ከጠርዟ ወደ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ይግባ። ምክንያቱም የዘይት ቀለም ዘመን ሲቆይ ብርሃን እያሳለፈ ይሄዳል፤ በአንዳንድ የጥንት ሥዕሎች ላይ በተጠናቀቀ መልክዓ ምድር ላይ የተጨመሩ ሰዎችና ከብቶች ዛሬ ከኋላቸው ያለው መሥመር በአካላቸው ውስጥ ይታያል። ጠርዙ ላይ ክፍተት ከተዉ ደግሞ በላሟ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይቀራል። ለአምስት ቀን ያድርቁት።

ደረጃ 6፦ ጨፌው

አረንጓዴውን ከጥቁርና ከቢጫ ይሥሩት፦ 3 እጅ ካድሚየም ቢጫ፣ 1 እጅ አይቮሪ ጥቁር። የወይራ ቅጠል የሚመስል፣ ለዓይን የማይጮህ አረንጓዴ ይወጣል። ለሩቁ መስክ ነጭና ጥቂት አልትራማሪን ይጨምሩበት፣ ለቅርቡ በርንት አምበር።

መስኩን በሦስት ቀበቶ ይክፈሉ፦ ከተመልካቹ እግር ሥር ጨለም ያለ፣ ከብቶቹ ባሉበት ብሩህ፣ ከአድማሱ ሥር እንደገና ጭጋጋማ። ከፊት ባለው ጥላ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል፣ አንድ ኮሸሽላ፣ ትንሽ ጭቃ በቂ ነው። ፖተር ወይፈኑ ባለበት መስክ ውስጥ እንቁራሪት፣ እበትና ዝንቦች አስገብቷል፤ መስኩን እውነተኛ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፣ ነገር ግን አንድ ሁለቱን ይምረጡ እንጂ አይደርድሩ።

በዘመኑ ሥዕሎች አንዳንድ ቅጠሎች ዛሬ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊው እንዲያ አልቀባቸውም፤ ከአትክልት የተሠራው ቢጫ በብርሃን ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻውን ስለቀረ ነው። እሱን አይቅዱ።

ደረጃ 7፦ ከብቶቹ

ዳማ ላም ሦስት ቀለም ትፈልጋለች፦ ጥላው በርንት አምበርና ጥቂት አልትራማሪን፤ መሀሉ በርንት ሲዬናና አምበር እኩል፤ ብርሃኑ ሲዬና፣ ኦከርና ነጭ። በቁጥር 8 ብሩሽ ትላልቅ ገጽታዎችን ብቻ ይሙሉ፦ ጀርባ፣ ጎድን፣ ታፋ፣ ትከሻ። ብሩሹን ጡንቻው በሚዞርበት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ።

አሁን ላሟን ከመስኩ ጋር የሚያዛምድ ነገር ይምጣ። ጀርባዋ ሰማዩን ያያል፣ ሆዷ ሳሩን። ስለዚህ በጀርባዋ አናት ላይ ያለው ብርሃን ቢጫ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ ነው (ነጭ፣ ጥቂት ሲዬና፣ የአልትራማሪን ጭላንጭል)፤ ከሆዷ ሥር ያለው ጥላ ደግሞ ሞቅ ብሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህ ካልተደረገ ላሟ ከሌላ ሥዕል ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። በነጭ ነጠብጣቦቿ ላይም እንዲሁ ነው፤ ንጹሕ ነጭ በሥዕሉ ሁሉ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይቀመጥ።

ሰኮናዎቿን ሙሉ ለሙሉ አይሣሉ። ሳሩ ግማሹን ይሸፍናቸው፤ ከሥራቸው ጨለማ ቀጭን ጥላ ያድርጉ፣ ያለዚያ በአየር ላይ ትንሳፈፋለች። ግቱ በነጭ፣ በጥቂት ቀይና በኦከር ይሠራል፤ ቀዩ ከበዛ የታመመ ይመስላል።

ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ፊቷ ላይ ይሥሩ። ጆሮው ከቀንዱ ሥርና ከኋላው ይወጣል፣ ከቀንዱ በላይ ያወጡት እንደሆነ ላም መምሰሏ ይቀራል። ዓይኑ በጭንቅላቱ ጎን ነው፣ የዓይኗ ብሌን አግድም ረዘም ያለ ነው፤ የብርሃን ነጥብ አንዲት ብቻ፣ እሷም ግራጫማ። ለአፍንጫዋ እርጥበት ደግሞ ከጨለማው ሮዝማ ግራጫ ላይ ሁለት ሦስት አጫጭር ቀዝቃዛ ነጥቦች ይበቃሉ።

ፀጉር በመጨረሻ፣ በቁጥር 1 ብሩሽ፣ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ፤ ግንባሯ ላይ ካለው አዙሪት፣ ከአንገቷ እጥፋት፣ ከጭራዋ ጫፍ። ብርሃኑ ውስጥ ያለ ፀጉር አይታይም፣ ጥላው ውስጥ ያለውም አይታይም። ሁሉም ቦታ ከተሣለ ላሟ ምንጣፍ ትለብሳለች።

በጎቹ ቀላል ናቸው፦ መጀመሪያ ሙቅ ግራጫ እብጠት፣ ቀጥሎ በወፍራም ቀለም ጥቂት ዳበሳ ከብርሃኑ ወገን፣ ከዚያ ጨለማ ፊት።

ወርቃማ ብርሃን ለሚፈልጉ

የዶርድሬክቱ አልበርት ካውፕ (1620–1691) ላሞቹን ብዙ ጊዜ ከወንዝ ዳር ወይም ውሃ ውስጥ ያቆማቸዋል፣ ብርሃኑንም ዝቅ ብሎ ከጎን ወይም ከኋላ ያመጣዋል። የዩትሬክቱ ሠዓሊ ያን ቦት ከጣሊያን ይዞት የተመለሰውን የምሽት ብርሃን ካውፕ ወደ አገሩ ዝርግ መሬት አዛመደው። ይህን ከመረጡ በደረጃ 5 ያለው የአድማስ ቀለም ኦከሩ እጥፍ ይሁን፣ ጥቂት ካድሚየም ቢጫም ይጨመርበት፤ ከላይ ያለው ሰማያዊ ይቀንስ። ላሞቹ በአብዛኛው ጥላ ይሆናሉ፤ በጀርባቸውና በቀንዳቸው ጠርዝ ላይ ብቻ ወፍራም ቢጫማ ነጭ መሥመር ይሂድ፣ እየተቆራረጠ። ሳይቆራረጥ ከዞረ ሽቦ ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ማድረቅና ቫርኒሽ

ሥዕሉን ብርሃንና አየር ባለበት ክፍል፣ አቧራ እንዳይወድቅበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ዘመም አድርገው ያቁሙት። ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ቢጫ ይሆናል።

አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ አምበርና ጥቁር የበዛበት፣ ደብዝዞ ይታያል። ዘይቱ ወደ ታች ስለገባ ነው። ደርቆ ከሆነ ጥቂት ዘይት በተርፔንታይን አቅጥነው በጨርቅ ቀብተው ትርፉን ይጥረጉት።

ዋናውን ቫርኒሽ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቁ። ለመሞከር ከዳር ባለ ወፍራም ቦታ ላይ ተርፔንታይን የነካ ጥጥ ቀስ አድርገው ያስኪዱ፤ ጥጡ ቀለም ካነሳ ገና ነው። ካላነሳ ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ስስ ንብር ይቀቡት፣ በተቀባው ላይ ሳይመለሱ፤ እስኪደርቅም ለአንድ ቀን ከአቧራ የሚከላከል ካርቶን ከላዩ ከፍ አድርገው ያኑሩበት።